የከደነው ይክፈተው

ጋሽ ከድር ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ያን ዕለት ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ሄጄ መርካቶ ስዞር ውዬ፣ ባትሪው አልቆ የነበረውን ስልኬን ማታ ስከፍተው የፈቲያ መልእክት ጠበቀኝ። «አባ ሄዱብን» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ፈቲያ የልጃቸው ሚስት የነበረች ናት። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሆሳዕና ገብቼ፣ ከዚያ በባጃጅ እሳቸው ወደሚኖሩበት ሌሞ ወጥቼ መቃብራቸው ጋ ስደርስ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ቆሜ ሳየው የመጣብኝ ሐሳብ ያሳፍራል። እኚህን ሰው ማን ከደናቸው፣ ማንስ ይከፍታቸዋል አልኩ። እሳቸው ቢሰሙኝ ይስቁ ነበር።

እኔ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የምጠግን፣ ሲም ካርድና ቻርጀር የምሸጥ ሰው ነኝ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እዚሁ አግብቶ እዚሁ ቀረ። ጋሽ ከድርን አስተምሯቸው አያውቅም፤ ግን ከተማው ሁሉ «መምህር» ይለው ስለነበር እኔም እሳቸው ዘንድ «የመምህር ልጅ» ሆኜ ቀረሁ። ደረጄ የሚባል ስም እንዳለኝ ሳያውቁ የሞቱ ይመስለኛል።

የዝንጅብል ነጋዴ ነበሩ። ከዱራሜ ወዲያ ካሉት የከምባታ ቀበሌዎች እየገዙ ሆሳዕና ገበያ ያመጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ሰበር አድርገው የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት የዝንጅብሉ ሽታ ሱቄ ይገባል። በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ። «ኧረ ጋሽ ከድር፣ መስጊድ አይደለም እኮ!» ስላቸው «ምንጣፍ አንጥፈህ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ምንጣፍ የሚሉት ጭቃ እንዳይገባ የዘረጋሁትን ካርቶን ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ አመላቸው ነው። ክፍት ነገር አይተው ማለፍ አይችሉም። የውሃ ብርጭቆዬን በወረቀት ይከድኑታል፤ ጀርባው የተፈታ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ ካዩ ጨርቅ ጣል ያደርጉበታል። የተከደነ ነገር ደግሞ የእሳቸው ካልሆነ ቢሞቱ አይከፍቱም። «የከደነው ይክፈተው» ነው ቋንቋቸው። ሚስታቸው ከመሞታቸው በፊት ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ቆጮ ቀብረው ነበር። ሚስትየዋ ሲሞቱ ጉድጓዱ እንደተደፈነ ቀረ። የሰው ቆጮ ጉድጓድ መክፈት ሌብነት መሆኑን በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል፤ የገዛ ሚስቱን ጉድጓድ የማይከፍት ባል ግን ከጋሽ ከድር ሌላ አልሰማሁም። ጎረቤት «ኧረ ይበላሻል!» ሲላቸው «የደፈነችው እሷ ናት፤ እኔን ክፈት አላለችኝም» ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ ድንጋይ እንደተጫነበት አለ። በዚያ የሚያልፉ ሴቶች ቢስሚላህ ብለው ነው የሚያልፉት።

ሙዘሚል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ፈጣን፣ ሣቂታ፣ እንግሊዝኛን ከሰው አፍ የለቀመ ልጅ ነው። የገብስ በሽታ ሊያጠና ከመጣ ፈረንጅ ጋር አንድ ክረምት አስተርጓሚ ሆኖ ሠራ። ፈረንጁ አገሩ ሊመለስ ሲል ሌሞ ውስጥ ካለ ኮረብታ ላይ አንድ ሳጥን ደብቆ ሄደ። ጨዋታ ነው። ሰዎች ትንሽ ሳጥን ይደብቁና ያለበትን ቦታ የሳተላይት ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ያገኘ በሳጥኑ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ቢጫ የሚስቅ ፊት ይወጣለታል፤ ፈልጎ ያጣ ደግሞ ሰማያዊ የከፋው ፊት። ከሳጥኑ አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል፣ ግን የወሰደ በምትኩ ሌላ ነገር ያኖራል። ሙዘሚል ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ!» ብዬ ሳቅሁ።

ከኮሮና በፊት ሙዘሚል እንደ ብዙዎቹ የሆሳዕና ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ተነሣ። ፈቲያን ካገባ ዓመት አልሞላውም። በመሄጃው ዋዜማ አባቱን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ሲም ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ በትንሽ ላስቲክ ጠቀለለና ሳጥኑ ውስጥ አኖረው። «አባ፣ ስመለስ ራሴ አወጣዋለሁ» አላቸው፤ ከደነውና ወረዱ። ከሞያሌ ደወለ። ከናይሮቢ ደወለ። ከታንዛኒያ ድንበር በሰው ስልክ ደወለ። ከዚያ በኋላ የሰማው የለም፤ ደላላውም ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ጀምሮ ጋሽ ከድር ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቄ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሳጥኑን ገጽ እከፍትላቸዋለሁ።

«ዛሬስ ሰው አኮረፈ?» ይሉኛል። ሰማያዊ ፊት ተጨምሮ እንደሆነ ነው።

«አንድ አኩርፏል።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ቀጥዬ የሙዘሚልን ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጌ እደውላለሁ። ያቺ ሴትዮ የደወልንላቸው ደንበኛ ሊገኙ እንደማይችሉ ትነግረናለች። ጋሽ ከድር እስክትጨርስ ድረስ እንደ እንግዳ በአክብሮት ያዳምጧታል። እምነታቸው ቀላል ነበር። ሳጥኑን ሌላ ሰው እስካልከፈተው ድረስ የከደነው ይከፍተዋል፤ የከደነው እንዲከፍተው ደግሞ በሕይወት መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ እንደሚሰጥ ልነግራቸው ሞከርኩ። «ሳጥን ውስጥ ተከድኖ ያለ ነገር እንዴት አድርገው ለሌላ ይሰጣሉ?» አሉኝ። 

ሳጥኑን ፍለጋ አልፎ አልፎ ሰው ይመጣል፤ ፈረንጅም፣ የአዲስ አበባ ልጅም። መናኸሪያ ወርደው መንገድ ሲጠይቁ ወሬው ጋሽ ከድር ዘንድ ይደርሳል፤ እሳቸውም የዝንጅብል ጆንያቸውን ለጎረቤት ነጋዴ ትተው ይመጣሉ። በፈረስ ጋሪ ራሳቸው ይወስዷቸዋል፣ መንገድ ላይ እርጎ ይጋብዟቸዋል፣ ከዚያ ሌላ ኮረብታ ላይ ያወጧቸዋል። እንግዶቹ «ስልካችን ወዲያ ነው የሚለው» ቢሏቸው «ስልክ ገደል አያውቅም» ብለው ያዞሯቸዋል።

«ጋሽ ከድር፣ ውሸት ሐራም አይደለም እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምን ዋሸሁ? ኮረብታ አሳየን አሉ፤ ኮረብታ አሳየሁ።»

እሳቸው ሳያገኟቸው አምልጠው ትክክለኛው ኮረብታ ላይ የሚደርሱ ግን ነበሩ፤ እነሱም ሳያገኙ ይወርዳሉ። እኔም አንድ ጊዜ ወጥቼ አይቼዋለሁ። የጥንት ሰዎች መቃብር ያለበት፣ ጥዱ ጥቅጥቅ ያለበት፣ ማንም ለማገዶ ቅርንጫፍ የማይሰብርበት ቦታ ነው። ወፎች አሉ፣ ግን አይጮሁም። ጭጋጉ ከዛፎቹ መሐል የሚወጣ ይመስላል። ስልኬ ላይ ያለው ቀስት ወዲያ ሲል ተከትየው ስሄድ ወዲህ ይላል፤ ወዲህ ስመጣ መልሶ ወዲያ። ዛፍ ሲበዛ ሳተላይቱ እንደሚስት አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ማወቄ ግን ጀርባዬን ከመቀዝቀዝ አላዳነውም። ፍለጋውን ትቼ ወረድኩ፤ ጋሽ ከድርን የት እንደሆነ ጠይቄያቸውም አላውቅም።

ፈቲያ ባትኖር ይህ ሁሉ የአንድ ሽማግሌ አመል ሆኖ ባለፈ ነበር። ፈቲያ አማቷን እየጦረች በዚያ ቤት ቀረች። ባል አላት እንዳይባል የለም፤ የለም እንዳይባል ሞተ ያለ የለም። ዱራሜ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ደህና ሰው ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የጋሽ ከድርን ፊት አይተው ሳይናገሩ ተመለሱ። የአባት አፍ «ሞቷል» ካላለ ለቅሶ አይቀመጥም፤ ለቅሶ ሳይቀመጥ ደግሞ የሰው ሚስት ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብትሄድ መፍትሔ እንደማታጣ እኔው ነገርኳት።

«አባን ከስሼ አላገባም» አለችኝ። «ጠዋት ውዱ የሚያደርጉበትን ውሃ የማሞቅላቸው እኔ ነኝ። ውሃውን አሙቄ ስሰጣቸው ምን ብዬ ነው ፊታቸውን የማየው?» ቀጥላም «ልጅ እፈልጋለሁ፣ ደረጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም። እያለፈብኝ ነው» አለች።  ሠላሳዎቹን አጋምሳ ነበር።

አንድ የክረምት ዓርብ እንደወትሮው ገጹን አይተን ቁጥሩን ደወልኩ። ጠራ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ለቀቅሁት። ደጋግሞ ጠራ፤ ተነሣ። የተናገረ ግን የለም። ቅጠል ውስጥ የሚያልፍ ነፋስ የመሰለ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው «ሙዘሚል?» አሉ። ተዘጋ። መልሰን ስንደውል ሴትዮዋ ናት።

«ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ነግሬዎት ነበር» አልኩ። ድምፄ ግን የባለሙያ ድምፅ ሆኖ አልወጣም።

«ሌላ ሰው ቢሆን ‹ሃሎ› ይል ነበር» አሉ።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ሱቄ ገቡ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ትናንት ኮረብታው ላይ ውለው ሳጥኑን እንዳጡት ነገሩኝ። ሴቲቱ «ያ ጠባቂያችሁ ግን ለምንድነው ሰላምታ የማይመልሰው?» አለችኝ። ረጅም ሰው፣ አንገቱን ሰበር ያደረገ፣ ከጥዶቹ መሐል ቆሞ ያያቸው ነበር አለች። ጠጋ ሲሉ ይጠፋል፣ ዞር ሲሉ ቆሟል። ጋሽ ከድር ናቸው ብዬ ሳቅሁ። ሰዓቱን ስጠይቅ ግን ሳቄ ቆመ። ልክ ከጁምዓ በኋላ ነው አሉኝ፤ ጋሽ ከድር ያኔ ጫማቸውን አውልቀው እኔ ዘንድ ተቀምጠው ነበር።

ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር። «ፊቱን አዩት?» ብቻ አሉኝ። አላዩትም ስላቸው ብድግ ብለው ባዶ እግራቸውን መንገድ ጀመሩ፤ ጫማቸውን ይዤ ሮጬ ደረስኩባቸው። ከዚያ ወዲያ ባሰባቸው። ፈቲያ እንደነገረችኝ የቤቱ በር ማታ አይቆለፍ አሉ። ለአንድ ሰው የሚሆን እራት ተከድኖ ያድራል፤ ጠዋት እሷው ትበላዋለች። አንዳንድ ቀን ስከድነው ከነበረው የጎደለ ይመስለኛል አለችኝ፤ ከዚያ ራሷው ፈርታ «አይጥ ይሆናል» አለች።

እኔም ሰው ነኝና አንድ ዓርብ ተናደድኩ። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ስልኩን ደፋሁት።

«ሳጥኑ አይገኝ፤ እሺ። ፈቲያስ? እሷንም ከድነዋታል እኮ! እሷን የሚከፍታት ማነው? ሙዘሚል ነው ወይስ እርስዎ?»

ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ነበር። ጋሽ ከድር ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ክፍት ብርጭቆ አዩት። ሳይከድኑት ወጡ። በሚቀጥለው ዓርብ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብም። ሽማግሌ አስቀየምኩ ብዬ ዓርብ ዓርብ መንገዱን ሳይ ሰነበትኩ፤ የተናገርኩትን ግን መልሼ የምውጠው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጋሪያቸውን ሱቄ በር ላይ አቆሙ። ፈቲያ ከኋላ ተቀምጣለች። አልወረዱም።

«የመምህር ልጅ፣ ዝጋና ና» አሉኝ። «ብቻዬን አልችለውም። አንተ ታወጣዋለህ፣ እኔ እከፍተዋለሁ።»

 ኮረብታው ሥር ስንደርስ ፈቲያን ጋሪው ጋ አስቀሯት፤ መቃብሩ መሐል ሴት አትወጣም። ፈቲያ እጃቸውን ያዘች። «አባ፣ ይቅርብኝ። እንመለስ» አለች። ከልቧ ነበር።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ሲሙ እዚያው ካለ ሙዘሚል አልተመለሰም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ያልተመለሰ ደግሞ ሞቷል። እሰግድለታለሁ፣ ለቅሶ እንቀመጣለን፣ አንቺም ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

«ከሌለስ?»

የፈረሱን ልጓም እጇ ላይ አኖሩላት። ወጣን።

ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ለሁለት የተሰነጠቀ የመቃብር ድንጋይ አለ። ፈረንጁ ያወጣው ቁጥር ከዚያ ራቅ ያለ ቦታ ነው የሚያሳየው፤ ሰው ሁሉ ያጣው ለዚህ ነው። በስንጥቁ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የሆነ ነገር መልሶ እንዳይዘኝ እየፈራሁ ዳበስኩ። ሳጥኑን አገኘሁት። የምሳ ዕቃ የሚያህል አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ጎኑን አፈርና ሥር ይዞታል። ክዳኑ ላይ ግን አቧራ እንኳ የለም።

ጋሽ ከድር ተቀብለውኝ «ቢስሚላህ» ብለው ከፈቱት። የሰው ክዳን ሲከፍቱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እርሳስ አለ፣ የፕላስቲክ አንበሳ አለ፣ የቁልፍ መያዣ አለ። ያቺ ትንሽ ላስቲክም አለች። ሲም ካርዱ ግን የለም። ላስቲኳ ውስጥ ያለው አንድ ሳንቲም ነው፤ ቀንዳም እንስሳ የተቀረጸበት። አውቀዋለሁ። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ ልጆች «ይመነዘራል?» እያሉ ሱቄ ያመጡታል።

እሳቸውም አወቁት። ልናገር ስል እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙኝ። ቀና ብለው ጥዶቹን አንድ በአንድ አዩ። እኔም አየሁ። ማንም አልነበረም፤ ማለቴ ማንንም አላየሁም። ጋሽ ከድር ግን ሰው እንዳለ ሁሉ ወደ ዛፎቹ ጮክ ብለው በሀዲይኛ ተናገሩ። ያደግኩበት ቋንቋ ነው፤ «ቤቱ እኮ ቅርብ ነበር» ነው ያሉት። የመለሰ የለም።

«ሌላ ሰው ወስዶ በምትኩ አኑሮት ይሆናል» አልኩ። ራሴም አላመንኩትም።

«ይሆናል» አሉ። ሳንቲሙን ወደ ላስቲኩ መለሱ፣ ሳጥኑን ከደኑ፣ ከነበረበት እንድመልሰው ሰጡኝ። እስክጨርስ ጠበቁኝና እንዲህ አሉኝ። «ሞቶ ከሆነ አላህ ይማረው። መጥቶ፣ እዚህ ቆሞ፣ የቤታችንን ጭስ አይቶ ተመልሶ ከሆነ ግን ለእኔ ልጄ ነው፤ ለእሷ ሞቷል።»

ከዚያ ወደ ኮረብታው ጫፍ ወጥተው ቁልቁል ተጣሩ።

«ፈቲያ! አለ! ሲሙ እዚሁ አለ!»

የፈቲያ ለቅሶ ከታች ተሰማ። ጋሽ ከድር ወደ ቂብላ ዞረው፣ ሬሳው በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ብቻቸውን ሰገዱ። ለዛፎቹ ጀርባዬን መስጠት ስለፈራሁ እስኪጨርሱ ድረስ ወደ ጥዶቹ ዞሬ ቆምኩ።

ለቅሶ ተቀመጡ፤ አገር መጣ። ፈቲያ የሐዘን ጊዜዋን ስትጨርስ የዱራሜው ሰው እንደገና ሽማግሌ ላከ፤ ጋሽ ከድር እንደ አባት ሆነው ዳሯት። ዓርብ ዓርብ ሱቄ መምጣታቸውን አላቆሙም። ግን ገጹን ክፈት፣ ቁጥሩን ደውል አላሉኝም። ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አንድ ቀን ብቻ «ረጅም ሰው ባለፈ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል» አሉኝ። እወዳቸው ነበር። ያን ጊዜ ያልነገርኳቸውን አሁን ለማን ልንገረው?

ከጋሽ ከድር መቃብር ተነሥቼ ለቅሶው ቤት የደረስኩ ዕለት ፈቲያ ከዱራሜ መጥታ ነበር፤ ገና ጥርስ ያላበቀለች ሴት ልጇን ታቅፋለች። ከለቀስተኛው ነጥላ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ደረጄ» አለች። «አባ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱዓቸው ላይ ሙዘሚልን አንድም ቀን ከሞቱት ጋር ሲጠሩት አልሰማሁም። ከመንገደኞቹ ጋር ነው የሚጠሩት። ያን ቀን ሲሙ ሳጥኑ ውስጥ ነበር?»

ሕፃኗ እጇን ዘርግታ የሸሚዜን ቁልፍ ያዘች።

«ነበር» አልኳት። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ የልጇን ጣቶች ከሸሚዜ ላይ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«እሺ» አለች። «እንግዲህ ሁለታችሁም ያላችሁት ይህንኑ ነው።» ልጇን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።